የታሰበ ኮሶ

ባለፈው ኅዳር 12 ቀን፣ የቦሌ ሚካኤል ታቦት በእልልታና በጭብጨባ ታጅቦ ወደ መንበሩ በሚመለስበት ሰዓት፣ እኔም ከቀለበት መንገዱ አጠገብ በነጠላ ጎርፍ ተይዤ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ማለት አቅቶኝ ስገፋ ሳለሁ፣ አንድ እጅ ከኋላ ትከሻዬን ያዘኝ። ዞር ብል የቆየ ወዳጄ ነው። የጤናውን፣ የቤተሰቡን፣ የኑሮ ውድነቱን ነገር ተጠያይቀን ስናበቃ፣ ፊቱን እንደ መርዶ ነጋሪ አክብዶ፣ «ታመህ ሰንብተሃል አሉ፤ እኔ እኮ ልጠይቅህ አስቤ ነበር» አለኝ። እኔም፣ ምን እንደ ነካኝ እንጃ፣ እጄን ከደረቴ ላይ አድርጌ ጎንበስ አልሁና «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አልሁት።

ነገሩ የቆጨኝ ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው። ጥቅምትን በሙሉ ወገቤን ይዞኝ ተኝቻለሁ፤ የወዳጄም ቤት ከእኔ ቤት የዐሥር ደቂቃ የእግር መንገድ ነው። ባለመምጣቱ አልተቀየምሁም፤ የአዲስ አበባን ሰው ጊዜውን ምን እንደሚበላበት አውቃለሁና። የቆጨኝ መክፈሌ ነው። እርሱ በሐሳቡ ጠየቀኝ፣ እኔ በአፌ አመሰገንሁት፣ ሒሳባችንም በዚያው ተዘጋ። ብርቱካን አልመጣ፣ ወንበር አልተሳበ፣ «እግዜር ይማርህ» አልተባለ፤ እኔ ግን ደረሰኙን ፈርሜ ሰጠሁት።

ይህንኑ ለባለቤቴ ባጫውታት፣ ቡናዋን እየቆላች፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ «ሊመጣ ያሰበ ሰው ጫማውን ይፈልግ ነበር» ብላ ነገሩን ቆረጠችው። በቤታችን ከባለቤቴ ችሎት የሚወጣ ፍርድ ይግባኝ የለውም። እኔ ግን የተቆረጠን ነገር መልሶ መቀጠል ልማዴ ስለ ሆነ፣ ወንበሬን ወደ ፀሐይ ስቤ ማመንዠግ ጀመርሁ።

ከልጅነታችን ጀምሮ የተማርነው፣ ሰው በሦስት መንገድ እንደሚበድል ነው፤ በሐልዮ፣ በነቢብ፣ በገቢር፤ ማለት በማሰብ፣ በመናገር፣ በመሥራት። እኔም ከነፍስ አባቴ ፊት ተንበርክኬ፣ የሠራሁትን ብቻ ሳይሆን ወጥኜ የተውሁትን ጭምር ስናዘዝ የኖርሁ ሰው ነኝ። እንግዲህ ክፉ ሐሳብ ከዕዳ መዝገብ የሚጻፍ ከሆነ፣ በጎ ሐሳብ ከሀብት መዝገብ የማይጻፍበት ምክንያት ምንድን ነው? ወዳጄ በሐልዮ ጠይቆኛል፤ በነቢብም «አስቤ ነበር» ብሎ አጽድቆታል፤ የጎደለችው ገቢር ብቻ ናት። ከሦስት ጥያቄ ሁለቱን የመለሰ ተማሪ በየትኛው ትምህርት ቤት ወድቆ ያውቃል?

የዓለሙ ሕግ ግን ለሐሳብ እንዲህ ያለ ክብር አይሰጥም። ስዊሳዊው ፕሮፌሰር ዣን ግራቨን ያረቀቁት የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም፣ እርሱን የተካው የ1996ቱም፣ ወንጀል ያሰበውን ሰው ይቅርና ገመድና መሰላል ያዘጋጀውን እንኳ በመደበኛው ነገር አይቀጡትም፤ ሥራውን ጀምሮ መገኘት አለበት። ልብንና ኩላሊትን የሚመረምር አንድ እግዚአብሔር ነውና፣ ዳኛው ከዚያ በመለስ ያለውን አይቶ ይፈርዳል። አባቶቻችንም ቢሆኑ የሰውን ልብ ለማየት ያበጁት መሣሪያ አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም ጠላ ነው። «ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል» የተባለው ስለዚህ ነው።

በዚህ መካከል፣ ፍልስፍና እንጀራ ይሆናል ብሎ የሚያምን ብቸኛው ዘመዳችን፣ ከአሜሪካ ለዕረፍት መጥቶ እኛ ዘንድ ያረፈው የእኅቴ ልጅ፣ ከፈንዲሻው ላይ ቀና ብሎ «ጋሼ፣ ይህ የእርስዎ ነገር እኮ ፈላስፎች ዘንድ የታወቀ እንቆቅልሽ ነው» አለኝ።

የአንድ አውሮፕላን ድምፅ በጣራችን ላይ እያለፈ ስለ ነበር (ቦሌ ሚካኤል የሚኖር ሰው ከየዓረፍተ ነገሩ ግማሹን ለአውሮፕላን መገበር ግዴታው ነው) ባለቤቴ የሰማችው «እንቆቆ» የሚለውን ነው። «እንቆቆ ምን ያደርጋል? ለእርሱ የሚያስፈልገው ኮሶ ነው!» አለች። ልጁ ግን ከሳቁ ሲመለስ፣ «እትዬ ሳያውቁት ነገሩን አገኙት» ብሎ ታሪኩን ጀመረልን።

ግሪጎሪ ካቭካ የሚባል፣ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በአርቫይን ያስተምር የነበረ ፈላስፋ፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1983 ዓ.ም. ባሳተማት አንዲት አጭር ጽሑፍ እንዲህ የሚል ነገር አቅርቧል። ጠባዩ የተለየ አንድ ባለጸጋ ወደ አንተ ይመጣና ብልቃጥ ያሳይሃል። በብልቃጡ ውስጥ ያለው መርዝ ነው፤ የጠጣው ሰው አንድ ቀን ሙሉ በሕመም ሲንፈራገጥ ይውላል፣ አይሞትም፣ በማግሥቱም ደኅና ይሆናል። ባለጸጋው፣ «ዛሬ እኩለ ሌሊት ላይ፣ ይህን ነገር ነገ ከቀትር በኋላ ለመጠጣት ከልብህ ካሰብህ፣ አንድ ሚሊዮን ዶላር እሰጥሃለሁ» ይልሃል። ማሰብህን የሚመረምረው አንድ መሣሪያ ነው፤ አይሳሳትም። ገንዘቡም ካሰብህ ጠዋት ከባንክህ ገብቶ ይቆይሃል። መጠጣት አይጠበቅብህም! ብልቃጡን ልትደፋው ትችላለህ፤ የሚከፈልህ ለማሰብህ ነው።

እኔ ይህን ስሰማ ከወንበሬ ልነሣ ምንም አልቀረኝ። «እንግዲያስ ምን እንቆቅልሽ አለው? አስቤ፣ ገንዘቤን ተቀብዬ፣ ብልቃጡን እደፋዋለሁ!» አልሁ።

«እንግዲያስ ጋሼ አላሰቡም ማለት ነው» አለኝ፤ «ነገ እንደሚደፉት ዛሬ የሚያውቁትን ነገር እጠጣዋለሁ ብለው ከልብዎ እንዴት ያስባሉ?»

ዝም አልሁ። በዚያ ዝምታ ውስጥ ሁለተኛ አውሮፕላን አለፈ።

«መርዝ» የሚለው ቃል በሚካኤል ቀን ለቤታችን ስላልተስማማ፣ ባለቤቴ ባመጣችው ስም ብልቃጡን «ኮሶ» አልነው። ልጁ ኮሶን የሚያውቀው በስም ነውና ማስረዳት የእኔ ፈንታ ሆነ። እኔም ስለ ኮሶ ሲጠየቅ የሚያጥር አንደበት የለኝም።

ኮሶ የደጋ ዛፍ ነው። የሴቴዋ ዛፍ አበባ፣ ቀይ ቀይ የሚለው፣ በየዘለላው ተለቅሞ ይደርቃል፤ ተወቅጦ በውኃ ተዘፍዝፎ ያድርና በባዶ ሆድ ይጠጣል። ጥሬ ሥጋ የሚወድ ሕዝብ ከጥሬ ሥጋው ጋር የሚመጣውን ረጅም እንግዳ ከሆዱ የሚያስወጣው በዚህ ነበር። እንግዳውም መድኃኒቱም በአንድ ስም «ኮሶ» መባላቸው፣ በሽታውንና ሐኪሙን በአንድ ወንበር እንደ ማስቀመጥ ነው። መራራነቱን አልገልጸውም፤ ፊቱን ያጨማደደን ሰው ሁሉ «ኮሶ የጠጣ ይመስላል» የምንለው በከንቱ አይደለም። በየሁለት ወሩ፣ አንዳንዱም በየወሩ ይጠጣው ነበር። የጠጣ ሰው ያን ቀን ሥራ አይሠራም፣ ከቤትም አይወጣም፤ ስለዚህ እንግዳ ለመቀበል ያልፈለገ ባለቤት በደጃፉ ላይ አሽከሩን አቁሞ «ጌታዬ ኮሶ ጠጥተዋል» ማስባል የታወቀ የጨዋ ወግ ነበር። በአንድ ቀን ውስጥ ኮሶ ጠጡ የተባሉት ጌቶች ሁሉ በእውነት ጠጥተው ቢሆን ኖሮ በደጋው ላይ አንድ የኮሶ ዛፍ ባልተረፈ።

አያቴ ኮሶ የምትጠጣበት ቀን ትዝ ይለኛል። ከሦስት ቀን በፊት ለጎረቤት ትናገራለች። በዋዜማው እራቷን ታሳንሳለች። ዘፍዝፋ ከራስጌዋ ታስቀምጠዋለች፤ ሽታው እኛን ልጆቹን ሳይቀር ያስመርረናል። ማለዳ አንዲት ጎረቤት መጥታ ከፊቷ ትቀመጥና ዋንጫው እስኪገለበጥ ድረስ ዓይኗን አትነቅልም። አያቴ ኮሶውን ከመጠጣቷ በፊት ያሰበችውን ሳትፈጽም የምታመልጥበትን ቀዳዳ ሁሉ በገዛ እጅዋ ደፍናው ታድራለች።

እዚህ ላይ ልጁ ስልኩን ሲነካካ ቆየና አንድ ነገር አገኘ፤ እኔም ከዚያ ቀን ወዲህ ለሰው ሁሉ ስነግረው እኖራለሁ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ከጎንደር ተመልሶ በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ ኮሶን ለአውሮፓ ሊቃውንት አስተዋወቀ፤ በዓመቱ ግመሊን የተባለ ጀርመናዊ ዛፉን «ሃጌኒያ አቢሲኒካ» ብሎ ሰየመው። ሃጌኒያ የተባለው ለካርል ጎትፍሪድ ሃገን መታሰቢያ ነው። ሃገን ማን ነው? የኮኒግስበርግ ከተማ መድኃኒት ቀማሚ ነው፤ የአማኑኤል ካንት የከተማ ሰውና ወዳጁ! እንግዲህ የእኛ ኮሶ በሊቃውንት መዝገብ የተጠራው፣ «ያለ ቅድመ ሁኔታ መልካም የሆነው በጎ ፈቃድ ብቻ ነው፤ ምንም ሳይፈጽም ቢቀር እንኳ» እያለ ያስተማረው ፈላስፋ ማዕድ ተካፋይ በሆነ ሰው ስም ነው ማለት ነው።

ይህን ስሰማ ወዳጄ ጠበቃ ያገኘ መስሎኝ ነበር። ልጁ ግን አስከትሎ፣ ካንት በ1785 በዚያው መጽሐፉ ውስጥ «በጎ ፈቃድ» ያለው ባዶ ምኞትን ሳይሆን፣ በእጅ ያለውን ዘዴ ሁሉ አሰባስቦ መነሣትን መሆኑን ነገረኝ። ይህማ ባለቤቴ ስለ ጫማው የተናገረችው ነው። ካንትን ሳታነብ፣ ቡና እየቆላች!

በዚያው ምሽት፣ ነገሩ ስላላስቀመጠኝ፣ ልጁን ይዤ ከሰፈራችን ሶማሌዎች ሻይ ቤት ወደ አንዱ ሄድሁ። ቦሌ ሚካኤልን የሚያውቅ አንባቢ የሶማሌ ሻይ ሄልና ቀረፋው ምን እንደሚመስል ያውቃልና አላተትም። ባለቤቱ በዕድሜ እኩያዬ ነው፤ የፈላስፋውንም የወዳጄንም ነገር አንድ ላይ አቀረብሁለት። ጺሙን ዳበስ ዳበስ አድርጎ፣ «በእኛ ሃይማኖት ሥራ ሁሉ በኒያ ነው፤ መልካም ነገር አስቦ ሳይሠራው የቀረ ሰው አንድ ምንዳ ይጻፍለታል፤ አስቦ የሠራው ዐሥር፣ ከዚያም በላይ» አለኝ። «ስለዚህ ወዳጅህ አንዷን አግኝቷል፤ ዘጠኙ ናቸው የቀሩበት።»

«ኮሶውስ?» አልሁት።

«ኒያን የሚከፍለው አላህ ነው» አለ፤ «ባለጸጋ ኒያ መግዛት ከጀመረማ ኒያው ለገንዘቡ ነው እንጂ ለኮሶው አይደለም። ስኳር ልጨምርልህ?»

ከሰማኋቸው መልሶች ሁሉ ይህን የሚያህል አላገኘሁም። የካቭካም ሐሳብ ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። ሐሳብ እንደ ውሻ በጠሩት ጊዜ ጅራቱን እየቆላ አይመጣም፤ የሚከተለው ምክንያትን ነው። ለመጠጣት ምክንያት ካለህ ለመጠጣት ታስባለህ፤ ለማሰብ ብቻ ምክንያት ካለህ ግን አፍህን ከፍተህ ትቀራለህ። ካቭካ ይህን የመሰለ ነገር ያመላልስ የነበረው ለጨዋታ ብቻ አልነበረም። አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት፣ «አንተ ብትጀምር እኔ ዓለሙን አጠፋዋለሁ» እየተባባሉ በሚፋጠጡበት ዘመን፣ ቢፈጽሙት እብደት የሚሆን ዛቻ፣ ሊፈጽሙት ማሰባቸው ግን ሰላም ያስጠብቃል የተባለበትን ነገር ሲመረምር ኖሯል። እናቶቻችን «አባትህ ይምጣ ብቻ!» ሲሉን ያው ጥበብ ነው፤ አባታችን መጥቶ ሻይ እንደሚጠጣ እነርሱም እኛም እናውቅ ነበር።

ዴቪድ ጎትየ የሚባል ሌላ ፈላስፋ በበኩሉ፣ አስተዋይ ሰው ማሰቡ የሚጠቅመውን ነገር ካሰበ በኋላ ጨክኖ ሊጠጣውም ይገባል ባይ ነው። እኔ ለዚህኛው ሰው ደስ የሚል ዝንባሌ አለኝ፤ «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ባለ አገር ቢወለድ ኖሮ ብዙ ደቀ መዛሙርት ያገኝ ነበር።

ከሻይ ቤት ስንመለስ ልጁ፣ «ጋሼ፣ ለምን አንሞክረውም?» አለኝ። ሚሊዮኑ ወደ ሁለት ሺህ ብር ወረደ። ባለጸጋው እርሱ ሆነ። በመሣሪያው ፈንታ ማን ይመርምር የሚለው ጥቂት አከራከረን፤ በመጨረሻ ግን አርባ ዓመት ሙሉ ልቤን ስታነብ ከኖረችው የተሻለ መሣሪያ በአሜሪካም እንደማይገኝ ተስማማን። ባለቤቴም ሹመቱን ያለ ክርክር ተቀበለች።

ልጁ ደንቡን ሲያነብልኝ ግን ክንዴ ዛለ። ለሦስተኛ ሰው «ካልጠጣሁ ይህን ያህል እከፍላለሁ» ብሎ መወራረድ ክልክል ነው። ሰው ቀጥሮ አስገድደኝ ማለት ክልክል ነው። ራስን በውል ማሰር ክልክል ነው። እኔም በጉዳዩ መሐላና ዋስ ይገቡ እንደ ሆነ ጠየቅሁ፤ እነርሱም አይገቡም ተባልሁ። በዚህ ጊዜ የአገሬ ሊቃውንት ምን ያህል አስተዋዮች እንደ ነበሩ ገባኝ። በበላ ልበልሃ ሙግት ያለ ውርርድ ነገር አይገጠምም፤ ያለ ዋስ ብድር አይሰጥም፤ ያለ ሽማግሌ ዕርቅ አይጸናም፤ ያለ ቅጣት እድር አይቆምም። ሰው ያሰበው ሐሳብ ብቻውን በእግሩ እንደማይቆም፣ እንደ ባቄላ ተክል ድጋፍ እንደሚፈልግ ዐውቀው ድጋፉን አስቀድመው ተከሉለት። ካቭካ ድጋፉን ሁሉ ነቅሎ «በል ቁም» ነው የሚለው።

በማግሥቱ፣ ኅዳር 13፣ በሁለት ታክሲ ሾላ ገበያ ሄድሁ። ከመድኃኒት ሻጮቹ መካከል አንዲት ባልቴት ደረቅ ኮሶ ከፊታቸው ዘርግተው አገኘሁ። «ለማን ነው፣ አባቴ?» አሉኝ። መዋሸት ስላልሆነልኝ «ለማሰብ ነው፣ እናቴ» አልኋቸው። ወደ ላይ አዩኝ፣ ወደ ታች አዩኝ፤ ከዚያም ስፍሩን ቀነስ አድርገው፣ «ሲበዛ ዓይን ያጠፋል፣ ነፍስም ያሳልፋል፤ ያሰቡትንም በልክ ያድርጉት» ብለው ቋጠሩልኝ። አንባቢም ይህን የባልቴቷን ቃል እንዲይዝልኝ እለምናለሁ፤ ዛሬ በመድኃኒት ቤት ክኒን ባለበት ዘመን የእኔን መንገድ ማንም እንዳይከተል።

ያ ምሽት የነቢያት ጾም ሊገባ ሁለት ቀን የቀረው ምሽት ነበር። ዶሮ ተሠርቷል። ስለ እራቱ ከዚህ በላይ አልናገርም፤ ኋላ በማስረጃነት ይቀርባልና።

ከመኝታዬ ላይ በጀርባዬ ተዘርግቼ እኩለ ሌሊትን ጠበቅሁ። ለማሰብ መሞከር ምን እንደሚመስል ያልሞከረ አያውቀውም። «ነገ ኮሶ እጠጣለሁ» አልሁ በልቤ።

«ለምን?» አለ ሌላው ልቤ።

«ለሁለት ሺህ ብር።»

«ብሩ የሚገኘው በመጠጣት ነውን?»

«አይደለም፤ በማሰብ ነው።»

«እንግዲያስ ብሩን ከተቀበልህ በኋላ ምን ብለህ ትጠጣለህ?»

«አልጠጣማ።»

«እንግዲያስ አላሰብህም።»

ይህን ሙግት ስምንት ጊዜ ያህል አመላለስሁት፤ በስምንቱም ተረታሁ። ዛሬ የታሰበ መስሎኝ የተዘረጋው ሐሳብ፣ ከጫፉ ስይዘው፣ የነገው ጫፍ ተፈትቶ ይመጣል። ከአናቴ በላይ አንድ የሌሊት በረራ ሲያልፍ፣ በውስጡ የተቀመጡት ሁሉ ወዴት እንደሚሄዱ በእውነት ያሰቡ መሆናቸው አስቀናኝ። ትኬት ቆርጠዋላ!

ከዚያ ሐሳቤ ወደ ደጀ ሰላሙ ሄደ። የስለት ነገር የዚህ እንቆቅልሽ ታናሽ ወንድም ነው። «ሚካኤል ይህን ቢያደርግልኝ ጃንጥላ አገባለሁ» ያለች ሴት፣ የለመነችው ከተፈጸመላት በኋላ ጃንጥላውን የምትገዛው ለምንድን ነው? የፈለገችው በእጅዋ ገብቷል፤ በካቭካ ሒሳብ ጃንጥላው የፈሰሰ ገንዘብ ነው። ነገር ግን በየዓመቱ ጃንጥላው ይመጣል፤ በድምፅ ማጉያውም ይነገራል። ምናልባት ስለቱን የሰማው፣ የማይሳሳተው መሣሪያ በእውነት በእጁ ያለ ስለ ሆነ ይሆናል። በኅዳር 12 ስንክሳር የሚነበበው የዱራታኦስና የሚስቱ የቴዎብስታ ታሪክም ትዝ አለኝ። የሚካኤልን በዓል በየወሩ ያከብሩ የነበሩት እነዚህ ባልና ሚስት ድህነት በመጣባቸው ጊዜ «ልናከብር አስበን ነበር» ብለው አልተቀመጡም፤ ለበዓሉ ድግስ ልብሳቸውን ሊሸጡ ተነሡ። ሚካኤል የደረሰላቸው፣ ከዓሣውም ሆድ 300 የወርቅ ዲናር የተገኘላቸው ልብሱ ከገላ ከወጣ በኋላ ነው። እኔ ግን ጋቢዬን እስከ አፍንጫዬ ተከናንቤ ነበር።

መቼ እንደ ተኛሁ አላውቅም።

ጠዋት ልጁ ሁለቱን ሺህ ብር ከጠረጴዛ ላይ ቆጥሮ አስቀመጠና ባለቤቴን አየ። እርስዋም የመሣሪያነት ሥልጣኗን ዐውቃ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «አላሰበም» አለች።

«በምን ዐወቅሽ?» አልኋት።

«ትናንት ማታ ሁለተኛ እንጀራ ጨምረሃል። ኮሶ ሊጠጣ ያሰበ ሰው በዋዜማው እንጀራ አይጨምርም። ጭኑንም በልተህ ፈረሰኛውን ደገምህ። እኔ እኩለ ሌሊት ድረስ ምን አስጠበቀኝ፤ በአንድ ሰዓት ጨርሼ ነው የተኛሁት።»

ልጁ ብሩን እየሰበሰበ፣ ከአሜሪካ ፈላስፎች አንዳንዶቹ፣ ሐሳብ ማለት ሌላውን ሥራ በእርሱ ዙሪያ ማሰናዳት ነው እንደሚሉ፣ እትዬም በነገሩ ከእነርሱ ወገን እንደሆነች ነገረኝ። መጽናኛ አልሆነኝም። እኔ ግን ብሩ ባይገኝም ቢያንስ ከኮሶው ነፃ ወጣሁ ብዬ ጋቢዬን ለበስሁና ልነሣ ስል፣ ባለቤቴ በዋንጫ የሆነ ነገር ይዛ ከጓዳ ወጣች። ሽታው ከእርስዋ ቀድሞ ደረሰ።

«ምንድን ነው?»

«ያመጣኸው ነዋ። ማታ ዘፍዝፌው ነበር፤ ግማሹን ብቻ ነው ያደረግሁት።»

«ሴትዮ፣ ውድድሩ እኮ አለቀ! ተረትቻለሁ! የምጠጣበት ምክንያት የለም!»

«ውድድሩ የእናንተ ነው፤ ኮሶው ግን የአንተ ነው» አለች። «መድኃኒት ቤት የገዛሁልህን ክኒን ‹ነገ እውጠዋለሁ› ብለህ ከመሳቢያ ካኖርኸው ሁለት ወር አለፈው። አንተ ሐሳብህ ሁሉ በሐልዮ ነው፤ ቁርጡን ግን በሐልዮ አልበላኸውም።»

እውነት ነው። ከቤታችን ወረድ ብሎ ካለው ልኳንዳ በየእሑዱ ቁርጥ ስበላ ኖሬአለሁ፤ በምበላበትም ዕለት «ከዛሬ በኋላ ቁርጥ ሐሳብ አድርጌአለሁ፣ አልመለስበትም» ስል ኖሬአለሁ። በአማርኛችን ሥጋውንም ውሳኔውንም «ቁርጥ» ያሉት አባቶች ቀልደኞች ነበሩ፤ የመጀመሪያውን በሚጥሚጣ እንውጠዋለን፣ ሁለተኛው ግን ከጉሮሮ ተሻግሮ አያውቅም።

ባለቤቴ ከፊቴ ተቀመጠች። ዓይኗን አልነቀለችም። አያቴን ታያት የነበረችውን ጎረቤት ሆነችብኝ። ጠጣሁት።

ካቭካ ይህን ቢሰማ ምን ይል እንደ ነበር እንጃ፤ በ1994 ዓ.ም. በፈረንጆቹ አቆጣጠር ገና በመካከለኛ ዕድሜው ዐርፏል። የእርሱ ሰውዬ ካሰበ ሳይጠጣ ገንዘብ ያገኛል። እኔ ሳላስብ ጠጣሁ፤ ገንዘብም አላገኘሁም። ልጁ ይህ በፍልስፍና ጽሑፍ ውስጥ እስካሁን ያልተመዘገበ ውጤት ነው ብሎ ማስታወሻ ይዞ ወደ አሜሪካ ተመልሷል።

የዋልሁበትን ሁኔታ ለጨዋ አንባቢ አልተርክም። ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ግድም ግን የግቢያችን በር ተንኳኳ። ድምፁን ከመኝታ ቤት ሆኜ ለየሁት፤ ያ ወዳጄ ነው! ጫማውን ፈልጎ፣ አግኝቶ፣ አጥልቆ፣ ሁለት ኪሎ ብርቱካን ይዞ መጥቷል። የሠራተኛችን ልጅ የታዘዘችውን በታማኝነት ተናገረች፤ «ጋሼ ኮሶ ጠጥተዋል፤ ሰው አያገኙም።»

ጥቂት ዝም አለ። ከዚያ፣ ዕድሜው ከፈቀደለት ዕውቀት የተነሣ፣ የድሮውን ወግ ያስታወሰ ሰው ሳቅ ሳቀ። «ኮሶ! ደግ ነው፤ ካልፈለገኝ ካልፈለገኝ» ብሎ ብርቱካኑን አስረክቦ ሄደ። ያን ቀን በአዲስ አበባ በእውነት ኮሶ የጠጣ ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም፤ የሚያምነኝ ግን አላገኘሁም።

ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነ። ሄጄ ልጠይቀው፣ ነገሩንም ላስረዳው አስቤአለሁ። ጫማዬ ከአልጋው ሥር ነው።